የጃንጥላ ጠጋኝ ዕረፍት

ዘንድሮ መስቀል ሐሙስ ላይ ነው የዋለ፤
አርብን አስፈቅጅና፣ ቅዳሜ እሁዱ እንዳለ፣
አራት ቀን ሆነልን፤
በርገን እንሂድ አልኳት፣ ካርታው ከጠራን።

ካርታው የእንግዳ ነው። ዛፍ ሊቆጥር መጥቶ ፋግታ፣ ከሰል አገር፣
ሁለት አጥንቱ የወለቀ ጃንጥላ ሰጠኝ፤ «ማክሰኞ» ብሎኝ ነበር።
ማክሰኞ አለፈ፤ ክረምቱም አለፈ፤ ሦስተኛውም መጣ፤
ጥላው ሚስማር ላይ ነው፤ ከልብሱ ውስጥ ግን ይህ ካርታ ወጣ።

«ይታይሽ!» አልኳት፤ ስሟም ልመናዬም አንድ ቃል ነውና፤
«ጣቴን ተከተይው፣ ከወደቡ ተነሥቶ እስከ ተራራው ጎዳና።
ሐሙስ ማታ ደርሰን እንተኛ፤ አርብ ጠዋት የዓሣ ገበያ።»
«አርብ ጾም ነው» አለች። «ዓሣ እኮ…» «መምሬ ይርሳውን ጠይቅ እንግዲያ።»

«ቅዳሜ በገመድ በሚጎተት ባቡር፣ ተራራው አናት ላይ፣
ከተማውን ቁልቁል፣ ጃንጥላውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ልይ፤
ሰው የማይታይበት፣ ጥቁር ክብ፣ ቀይ ክብ፣ ሲለያይ ሲገናኝ፣
የማን ስፌት እንደላላ፣ የማን ሽቦ እንደዛገ ከዚያው ሆኜ ላገኝ።»

«እሁድስ?»
«እሁድ ምንም።»
«ምንምን ፍለጋ ያን ያህል መብረር! ምንም እዚህ የለም?»

ከዚያ ወረቀት አወጣች፤ እሷ ነች የሂሳብ፤
በጀርባው የድንች ዘር፣ የማኅበሩ ኩንታል፣ በፊቱ የእኛ ሐሳብ።
«አንድ አልጋ ለአንድ ሌሊት…» እርሳሷን ነከሰች፤
«ሁለት መቶ ጃንጥላ» አለች፣ አሰመረች።
«አንድ ሳህን የዓሣ ሾርባ፣ ዐሥራ አምስት ስፌት፣ ስድስት እጀታ፤
የባቡሩ ደርሶ መልስ፣ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ፍልሰታ።»

«ቪዛውስ?» አለች ደግሞ፤ ጀመረች በጣቷ፤
«አንድ ቀን አዲስ አበባ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፤ አንዱ ወረፋ፣ አንዱ አሻራ፤
ዓባይን ወርዶ መውጣት፣ ደጀን ማደር…» አራቱ ታጠፉ፣ ቀረች አውራ ጣቷ።
«በርገን አልደረስንም፤ ዕረፍታችን ግን አለቀ።»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጣቴ ግን ከካርታው አለቀቀ።

«ደግሞስ ዝናብ ልታይ? ከግንቦት እስከ ዛሬ፣
ጭጋጉ ደጃችን አድሮ፣ ቀርከሃው ጎብጦ፣ እኔ በጉንፋን ኖሬ፣
አደይ ሲፈነዳ፣ እንጅባራ ታጥቦ፣ ፈረሱ ሲጫን ለደመራ፣
አንተ ወደ ዝናብ? ሰው እንኳን ሊሄድበት፣ ይሸሸዋል በጣራ።»

«የእነሱን ልየው» አልኳት። «የእኛ ዝናብ ዱላ ነው፤ ይመታል፣ ያልፋል፤
የእነሱ አይጮኽም አሉ፤ ቀስ ብሎ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ እንደ መርፌ ይሰፋል።»

«ዓመቱን ሙሉ?»
«ሙሉ።»
እርሳሷን አስቀመጠች።
«ታዲያ እዚያ ያለው ጠጋኝ መቼ ነው የሚያርፈው?»
መልስ አልነበረኝም። እኔ ከመስቀል ወዲያ ነው እጄ የሚተርፈው፤
ጥላ የሚያመጣ የለም፤ ሽቦው ይከማቻል፣ ክሩ ይጠቀለላል፤
መንገድ ላይ ቆሜ ያየኝ ሰው «በደኅናህ ነው?» ይላል።

ማታ ከአልጋው ሥር ሻንጣዬን ጎተተች፤
«መች ልንሄድ ነው?» ሳትል ከፈተች፤
ሁለት ሹራብ፣ ካልሲ፣ የእንግዳው ጃንጥላ፣ አጥንቱ የተተካ፤
ከአንዱ ሹራብ እጅጌ ግን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጇን ነካ፤
ጉጠት፣ ወስፌ፣ ክንድ ሙሉ ሽቦ፣ ሰም የጠጣ ጥቁር ክር።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ቀጥኖ ነበር፤ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀር።

«ለአራት ቀን ብቻ ነው» አልኩ፤ «የሰው አገር፣ ምን ይታወቃል፤
ሽቦ ይወልቃል።»
ጉጠቱን አወጣች፤ ጥላው ከተነሣበት ሚስማር ሰቀለችው።
ክሩን ግን እጅጌው ውስጥ መለሰችው።